በፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ የሴቷ ቃል የት አለ?

የልጃችሁን አልጋ ስታነጥፉ ከትራሱ ሥር በጋዜጣ የተለበደ መጽሐፍ አግኝታችሁ ታውቁ ይሆናል። ገለጥ አድርጋችሁ ስታዩት የሒሳብ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን የፍቅር ልብ ወለድ ነው። አንዳንዶቻችን እንቆጣለን። አንዳንዶቻችን መጽሐፉን ወስደን ቁም ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ራሳችን አንብበን የምንጨርሰውም አንጠፋም። «ልጅቷ ትምህርቷን ትተዋለች፤ ልቧ ይሸፍትብኛል» የሚለው ሥጋት ግን ቤት ሳይመርጥ የሁላችንም ነው።

ይህ ሥጋት ከምን እንደሚመጣ ይገባኛል። ይሁን እንጂ የምንሠጋው በማይገባው ነገር ላይ ይመስለኛል። ልጅቷ ስለ ፍቅር ማንበቧ ብቻውን ጉዳት አያመጣም። ሊያሳስበን የሚገባው የምታነበው መጽሐፍ ፍቅርን ምን ብሎ እንደሚያስተምራት ነው። በተለይም በዚያ ታሪክ ውስጥ ሴቲቱ ስለ ራሷ ሕይወት የምትናገረው ቃል ይሰማል ወይስ አይሰማም? ብቸና ተወልጄ ያደግሁ፣ ሞጣ ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ልብ ወለድ ከእጄ ያልተለየኝ ሴት በመሆኔ በዚህ ላይ ያለኝን አስተያየት ላካፍላችሁ።

ለእኛ ለምሥራቅ ጎጃም ሰዎች ትልቁ የፍቅር ልብ ወለድ የጎረቤት ወሬ ያህል ቅርባችን ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ ከሚፈጸምባቸው ቦታዎች ዋናው ዲማ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ ከብቸና ብዙ አይርቅም። ደራሲው ራሳቸው በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ የጎጃም ልጅ ናቸው። የገለጹትን የመኳንንት ግቢ፣ የቆሎ ተማሪ ጎጆና የገበሬ ደጃፍ በዓይናቸው አይተውታል።

ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው በሠፈራችን ሬዲዮ የነበረው በጥቂት ቤቶች ነው። እናቴ ቡና ታፈላለች፤ ጎረቤቶች በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ ልጆች ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን። ንባቡ ሲጀመር ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን ቢያጠፋው እንኳ ብድግ የሚል የለም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ «ዘሩ አይመጥንም» እያሉ ሲመልሱ፣ እሷም ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ፣ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጡ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤታችን ስኒያቸውን አስቀመጡና «ለእሷስ አባቷ ቆይተውላታል። እኔ ስዳር ባሌን ጋሼ እያልሁ ነበር የምጠራው» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ያ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። የሰብለ ወንጌል አባት ልጃቸውን አቆይተው በደሏት፤ የጎረቤታችን አባት ደግሞ አቻኩለው በደሏቸው። አንዷ ኮረዳነቷ በእልፍኝ ውስጥ አለፈ፤ ሌላይቱ ልጅነታቸውን በሰው ምጣድ ፊት ጨረሱ። ሲታዩ ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ሁለቱንም «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ትልቅ መጽሐፍ የሆነው ሰዎች በመጨረሻ ስለሚሞቱበት ብቻ አይደለም። ያልተጠየቀችው ልጅ ራሷ መልስ ስለምትሰጥበት ጭምር ነው። ለስለት ተሰጥቶ ያደገውን፣ ማግባት የማይፈቀድለትን፣ የድኻ ልጅ የሆነውን መምህሯን በዛብህን የወደደች እሷ ናት። የአባቷን ግቢ ጥላ ፍለጋ የወጣችም እሷው ናት።

እስቲ አሁን የፍቅር ልብ ወለዶቻችን የሚደጋግሟቸውን የተለመዱ መንገዶች አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ሴቲቱን የወንድ ልብስ ማልበስ ነው። ይህ መንገድ የአማርኛ ልብ ወለድን ያህል ዕድሜ አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንለው፣ የጠፋ መንታ ወንድሟን ፍለጋ ወንድ መስላ የምትሄድ ልጃገረድ ታሪክ ነው። ከ58 ዓመት በኋላ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ መነኩሴ መስላ ነው። አንባቢ በዚህ ይደሰታል፤ «መቼ ይታወቅባት ይሆን?» እያለ ገጹን ይገልጣል። እናት ሆኖ ለሚያነበው ግን በውስጡ ሌላ ነገር አለ። ሁለቱም ደራሲዎች ሴት ልጅ ሴት ሆና ብቻዋን መንገድ መሄድ እንደማትችል ያውቁ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ከብቸና አዲስ አበባ ለትምህርት ሲሄዱ ልብሳቸውን አይለውጡም። ቢሆንም አውቶቡስ እስኪደርስ ድረስ የእናት ልብ ለምን እንደሚንጠለጠል እናውቃለን።

ሁለተኛው ድኻና ሀብታም የሚዋደዱበት መንገድ ነው። ይህን የማይወድ አንባቢ የለም፤ በድሮው መጽሐፍ የዘር ጉዳይ የነበረው በኋለኞቹ የገንዘብና የመኪና ጉዳይ ሆኗል። ጥሩው ደራሲ በዚህ መንገድ ኅብረተሰቡን ያሳየናል። ሐዲስ ዓለማየሁ የፊታውራሪውንና የገበሬዎቹን ጠብ ከፍቅሩ ጋር አያይዘው የጻፉት ለዚህ ነው። ደካማው ደራሲ ግን ድኻይቱን ልጅ ለሀብታሙ ሰው ይድርና መጽሐፉን ይዘጋል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ የእሷ ቃል ምን ያህል ይሰማ እንደሆነ አይነግረንም። ሠራተኛ የሆናችሁ እኅቶቼ የራስን ደመወዝ በእጅ መያዝ በትዳር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ደራሲ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው የምትጠብቅ ሴት ናት። ወንዱ ይሄዳል፤ ከተማ ያያል፤ ጦርነት ያያል፤ ሌላ ሴት ያያል። እጮኛው ትጠብቃለች። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ጸጋዬ አስመራ ላይ በፊያሜታ ፍቅር ሲያዝ፣ አዲስ አበባ የቀረችው እጮኛው ሮማን ናት። «ኦሮማይ» ስለ ጦርነቱና ስለ ዘመኑ በድፍረት የተጻፈ መጽሐፍ በመሆኑ ከተራ የፍቅር ልብ ወለድ ጋር አይደመርም። ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ስታነብቡ ቤት የቀረችው ሴት ታሪኩን ብትነግረን ኖሮ ምን ትለን እንደነበር አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

አራተኛው ሞት ነው። ፍቅረኞቹ ሊገናኙ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው አንዱ ይታመማል፤ ወይም ሽፍታ ያገኘዋል፤ ወይም መኪና ይገለበጥበታል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ሲሞት ልባችን የሚሰበረው ሞቱ ከታሪኩ ውስጥ ስለበቀለ ነው፤ የዘር ትምክሕት፣ የእናት ስለት፣ የመንገዱ ክፋት አንድ ላይ ገደሉት። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ መጻሕፍት ግን ሞቱን ብቻ ቀድተው ምክንያቱን ተዉት። በዚህም የተነሣ ብዙ ልጃገረዶች «እውነተኛ ፍቅር ማለት የሚገድል ፍቅር ነው» የሚል ሐሳብ ይዘው ያድጋሉ። ኑሮን ከነዕዳው፣ ከነቤት ኪራዩ፣ ከነልጅ ማሳደጉ አብሮ መግፋት ከመሞት የማያንስ ፍቅር እንደሚጠይቅ የሚነግራቸው መጽሐፍ ጥቂት ነው።

አምስተኛውንና እኔን እጅግ የሚያሳስበኝን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ይኸውም እምቢታን የማይሰማ አፍቃሪ ነው። ልጅቷ «አልፈልግም» ትለዋለች፤ ይከተላታል። በር ላይ ያድርባታል፤ ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ ካያት ይቀናል፤ ሲቀና በጥፊ ይመታታል፤ ከዚያም ያለቅሳል። መጽሐፉ ይህን ሁሉ «ከፍቅሩ ብዛት» ይለዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ ልጅቷ ትሸነፍና ትወደዋለች። ይህ «የሴት እምቢታ እሺታ ነው» የሚለው አሮጌ አባባል በአዲስ ሽፋን ታትሞ መውጣቱ ነው።

በአገራችን ይህ ከወረቀት ላይ ያለፈ ነገር ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ መንገድ ካገባት ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። ማለትም የልጅቷን እምቢታ በጉልበት የሰበረ ሰው ታሪኩ በሠርግ ካለቀ ወንጀሉ ይሰረዝለት ነበር። ይህን በር የዘጋው በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነው። የጋብቻ ዕድሜም እንዲሁ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። ሁለቱም ሕጎች ጋብቻ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ አይጸናም ይላሉ። ሕጉ የሴቲቱን ቃል ከልብ ወለዶቻችን ቀድሞ ሰምቷታል ማለት ነው።

«ልብ ወለድ ልጅን ከትምህርት ያስቀራል» ለምትሉ ደግሞ ሞጣ ሳስተምር ያየሁትን ላጫውታችሁ። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ የሚከራይባቸው ትንንሽ ሱቆች ነበሩ፤ ተማሪዎች ሳንቲም አዋጥተው አንድ መጽሐፍ ይከራዩና በተራ ያነቡታል። የሴቶቹ ቡድን በአንድ ወቅት ያነበው መጽሐፍ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር የመጨረሻ ቅጠሎቹ ተገንጥለው ጠፍተዋል። ታሪኩ ወዴት እንደሚደርስ ባለማወቃቸው በዕረፍት ሰዓት ግቢው ዛፍ ሥር ተሰብስበው ይከራከሩ ነበር። አብዛኞቹ «ልጅቷ ትሞታለች» አሉ፤ ሌሎቹ «የለም፣ እሱ ይሞትና እሷ ትመነኩሳለች» አሉ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን «ለምንድን ነው የምትሞተው? ትምህርቷን ጨርሳ ለምን ነርስ አትሆንም? እሱም ከፈለገ ይጠብቃታ» አለች። ጓደኞቿ «እንዲህ ያለ ልብ ወለድ የት አለ?» ብለው ሳቁባት።

ጥር ሲገባ ያቺ ልጅ ከክፍል ቀረች። እኛ መምህራን ስናጠያይቅ ቤተሰቦቿ ገጠር ወስደው ድረዋታል ተባለ። መጽሐፉን የማንበብ ተራዋ ገና አልደረሰም ነበር፤ ታሪኩን የሰማችው ከጓደኞቿ አፍ ነው። እንግዲህ ከትምህርት ያስቀራት ልብ ወለድ አልነበረም። ቤት ውስጥ ያልተጠየቀችውን ጥያቄ የጠየቃት ያ መጨረሻው የተገነጠለ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ እሷም መልስ ነበራት።

ይህን የምለው የገጠሩን ወላጅ ለመውቀስ አይደለም። ልጁን በለጋነቷ የሚድር አባት ብዙ ጊዜ ከሐሜት፣ ከጠለፋና ከድህነት ያዳናት እየመሰለው ነው። ነገር ግን ልጅቷን ከሌላ ሰው ጉልበት አድናለሁ ሲል የራሷን ቃል ይወስድባታል። ልብ ወለዱም፣ ሠርጉም፣ ሕጉም የሚፈተነው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

ዘመኑ ተለውጧል። የፍቅር ታሪኮች ዛሬ በስልክ ይነበባሉ፤ በቴሌግራም በየቀኑ አንድ አንድ ክፍል እየተቆረጡ ይላካሉ፤ ሥራ ለሚበዛባት እናትም በድምፅ ተነብበው ይመጣሉ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ከሞጣ እስከ አዲስ አበባ የእራት ሰዓታችንን ወስደውታል። ልብ ብላችሁ ስታዩአቸው ግን የድሮዎቹ መንገዶች ናቸው። ድኻዋ ልጅና የሀብታሙ ልጅ፣ የምትጠብቀው እጮኛ፣ በቅናት የሚያብደው አፍቃሪ፣ ሁሉም አሉ። የተለወጠው ቤቱና መኪናው ነው።

ስለ ሴት ልብ የሚጽፉልን አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸውም መነሣት ያለበት ነገር ነው። ጥሩ የጻፉ አሉ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ አንዱ ምስክር ናቸው። ቢሆንም እንደ «ቋሳ» ደራሲ እንደ ፀሐይ መላኩ ያሉ ሴቶች በልብ ወለድ ሜዳ ላይ ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው። ምጥን፣ የእንጀራ እናትነትን፣ የቢሮ አለቃን ክፉ ዓይን፣ ልጅን ለጎረቤት ትቶ ወደ ሥራ መሮጥን ከውስጥ የምታውቅ ደራሲ ብታበዙልን፣ የፍቅር ታሪኮቻችን መጨረሻ ሠርግና መቃብር ብቻ አይሆንም ነበር። ከእናንተ መካከል የምትጽፍ ካለች ደብተሯን አታጥፈው።

እንግዲህ እናት ምን ታድርግ? መጽሐፉን መቀማት አይበጅም። የተቀማ መጽሐፍ በጓደኛ ቤት ይነበባል፤ የተዘጋ ስልክም በሌላ ስልክ ይተካል። ከዚህ ይልቅ አብራችሁ አንብቡ። ጊዜ የለኝም የምትል እናት ሽንኩርት ስትከትፍ ልጇ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብላት። ከዚያም እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ቡና ጓደኛ ሦስት ነገሮችን ጠይቋት።

አንደኛ፣ «ልጅቷ እምቢ ብትለው ምን ያደርጋታል?» እምቢታዋን ሰምቶ የሚመለስ ከሆነ ፍቅሩ ለወግ የበቃ ነው። የሚያስፈራራት ከሆነ ደራሲው ምንም ያህል በማር ቢቀባው መርዝ መሆኑን ልጅቷ ራሷ ትደርስበታለች። ሁለተኛ፣ «ከሠርጉ በኋላ በሚመጣው ዓመት ቤታቸው ምን ይመስላል? ማን ይሠራል? ማን ይማራል?» ይህ ጥያቄ ሕልሙን ሳያጠፋ እግሩን መሬት ያስነካዋል። ሦስተኛ፣ «መጨረሻውን አንቺ ብትጽፊው እንዴት ትጨርሽዋለሽ?» ልጃችሁ በግልጽ ልትነግራችሁ የማትደፍረውን ነገር በዚህ መልሷ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስትመልስ አታቋርጧት፤ ወዲያው ለመምከርም አትቸኩሉ።

ይህ ለሴቶች ልጆቻችን ብቻ የሚደረግ አይደለም። ወንዶች ልጆቻችንም እነዚህን ታሪኮች ያነባሉ፤ ያያሉ። በር ላይ ማደርንና በቅናት መምታትን ጀግንነት አድርገው የሚቀበሉ ከሆነ ነገ የሰው ልጅ ቤት የሚያስለቅሱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ በተለይ ለወንዱ ልጅ ጠይቁት። አባቶችም ቢሆኑ ጋዜጣቸውን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጠው ቢያዳምጡ አይከፋም።

ጎረቤታችን ሽማግሌዋ ዛሬ በሕይወት የሉም። የልጅ ልጆቻቸው ግን ብቸና ትምህርት ቤት ገብተው ተምረዋል፤ አንዷም ባሏን በስሙ እንጂ ጋሼ ብላ አትጠራውም። እኅቶቼ፣ ዛሬ ማታ ከትራስ ሥር የምታገኙትን መጽሐፍ ከመቆለፋችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ልጃችሁ መጀመሪያ ከእናቷ አፍ ትስማው።